ፋይናንስ አጥንቶ ተንታኝ መሆን ይቻላል ወይ? የሰፈራችን ክር ከነመልሶቹ

ሰሞኑን በሰፈራችን ክር (በኢንተርኔት በምንወያይበት የጽሑፍ ጥያቄና መልስ) ላይ የተጻፈውን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ክሩ ረጅም ነው፤ መሃል ላይ የውሃ ፈረቃና የታክሲ ወሬም ገብቶበታል። ልጆቻቸው ዘንድሮ ዲፓርትመንት የሚመርጡ ወላጆች ግን ዋናውን ነገር እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። ስለዚህ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ጥያቄው

ጠያቂዋ ኮዬ ፈጬ ከቤተሰቦቿ ጋር ትኖራለች። ፍሬሽማን ጨርሳለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት ትመርጣለች። ፋይናንሺያል አናሊስት (የፋይናንስ ተንታኝ) መሆን ነው የምትፈልገው። አጎቷ ግን ይሄ ሥራ እዚህ አገር የለም፣ መጨረሻሽ ባንክ መስኮት ላይ ብር መቁጠር ነው ብለዋታል። አባቷ ደግሞ አካውንቲንግ ካለበት ቢያንስ እንጀራ አያሳጣም ባይ ናቸው። ሦስት ነገር ጠየቀች። ሥራው እውነት አለ ወይ? አካውንቲንግና ፋይናንስ ይሻላል ወይስ ኢኮኖሚክስ? ዋና መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ ሰንጋ ተራና ቦሌ ሆነው፣ ከከተማው ጫፍ የሚመላለስ ተማሪ እንዴት ነው ልምምድ የሚያገኘው?

መልስ 1

እንኳን ደስ አለሽ የሚል ነው። ጸሐፊው መምህር ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሱና፣ በዚህ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የወደደውን ለመማር ማንንም ማስፈቀድ የለበትም አሉ። ስለ ሥራው ግን ምንም አላሉም።

መልስ 2

ይህቺ የቅርንጫፍ ባንክ ሠራተኛ ናት፤ አጻጻፏ መረር ይላል። ፋይናንስ ተምራ ነው የገባችው። አጠገቧ የተቀመጠው ማኔጅመንት፣ ከሱ ቀጥሎ ያለችው ኢኮኖሚክስ የተማሩ ናቸው። ሁሉም በአንድ በር ገብተው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን የኢንቨስትመንት ስሌት ከተቀጠረች ጀምሮ የጠየቃት ሰው የለም። የሚጠየቀው ስንት አዲስ ደንበኛ አመጣሽ፣ ስንት ተቀማጭ ሰበሰብሽ ነው። አጎትሽ እውነታቸውን ነው ብላ ጨረሰች።

መልስ 3

የክሩ ቁም ነገር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በብድር ትንተና ክፍል ትሠራለች፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምትኖረው። መልስ 2ን ተቃውማ አልጀመረችም። በሩ አንድ መሆኑን፣ እሷም መስኮት ላይ መሥራቷን አመነች። ልዩነቱ የሚመጣው የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ነው አለች። ለብድር ክፍል ሰው ሲፈለግ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው ላይ የካሽ ፍሎው (የጥሬ ገንዘብ ገቢና ወጪ) ሠንጠረዥ ከተፈታኞቹ ፊት ሲቀመጥ ማንበብ የቻለው ጥቂት ሰው ነበር።

ከዚያ ሥራዋን በዝርዝር ጻፈች። ተበዳሪው ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ያመጣል። እሷ ያንን ከባንክ ሂሳቡ እንቅስቃሴ ጋር ታስተያያለች፣ ለግብር ካሳወቀው ሽያጭ ጋር ታነጻጽራለች፣ መጋዘኑ ድረስ ሄዳ ዕቃውን ታያለች። ሦስቱ ካልተገናኙ ለምን እንዳልተገናኙ መጠየቅ ሥራዋ ነው።

አንድ ብሎኬት አምራች ታሪክም አነሳች። ሂሳቡ ጥሩ ትርፍ ያሳያል። ሰውየው ማሽን መጨመር ፈልጎ ብድር ጠየቀ። ባላንስ ሺቱን (የሀብትና የዕዳ መግለጫውን) ስታይ ግን ከደንበኞች ያልተሰበሰበው ገንዘብ ከሽያጩ በፈጠነ ሁኔታ አድጓል። ነገሩ ሲጠና ሰውየው ለኮንትራክተሮች በዱቤ ይሸጣል፣ ኮንትራክተሮቹ ደግሞ የራሳቸውን ክፍያ ከአሠሪው ይጠብቃሉ። ትርፍ አለ፣ ጥሬ ገንዘብ የለም። ማሽን ቢጨምር የሚጨምረው ዱቤው ነበር። ለማሽኑ የተጠየቀው ብድር እንዳይሰጥ፣ በምትኩ ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን አነስ ያለ ኦቨርድራፍት (በሂሳቡ ካለው በላይ እስከ ተወሰነ ልክ ማውጣት) እንዲፈቀድለት ጻፈች፤ ሰውየውም ተናዶ ሄደ። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ዱቤውን እንዴት እንደሚቀንስ አማክሯታል።

ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ (በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል) የትኛው ተበዳሪ ቅድሚያ ይሰጠው የሚለው ውሳኔ በጣም እንደከበደ አክላለች። ወረፋው ሲረዝም ትንተናው የበለጠ ይፈለጋል። ይሄ ፋይናንሺያል አናሊስትነት ካልሆነ ምኑ ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች። እኔም እዚህ ላይ ከሷ ጋር ነኝ። ሥራው ሁልጊዜ በዚያ ስም አይጠራም እንጂ በየባንኩ፣ በየኢንሹራንሱ፣ በኦዲት ድርጅቶችና በትልልቅ ኩባንያዎች የፋይናንስ ክፍል ውስጥ አለ።

መልስ 4 እና 5

መልስ 4 በጣም የተደሰተ ልጅ ነው። የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል፣ በምርት ገበያው ላይ የባንክ አክሲዮን እየተሸጠ ነው፣ አናሊስት በሺህ ይፈለጋል፣ አትጨነቂ አለ።

መልስ 5 ጠንከር ብሎ አረመው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ቡናና ሰሊጥ የሚገበያዩበት ነው። አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሌላ ተቋም ነው፤ ጥር 2 ቀን 2017 ነው የተከፈተው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። መሠረቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ለልጅቷ ምክር ባይሰጥ ይሻላል እስከማለት ደረሰ። አነጋገሩ በዛ፣ እርማቱ ግን ትክክል ነው።

ቀጥሎ ያነሳው ነገር ደግሞ ጠቃሚ ነበር። ጥቅምት 2017 ላይ የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሲቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፣ አንዱ በ300 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ገበያው ገና ልጅ ነው፣ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፣ የአክሲዮን ተንታኝ የሚቀጥሩትም ጥቂት ናቸው። አሁን ፍሬሽማን የጨረሰች ልጅ ስትመረቅ ግን ገበያው ዛሬ ባለበት እንደማይቆይ እሱም ተቀበለ።

መልስ 6

ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው። ሁሉም አዲስ ነገር አድርጎ ሲያወራ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ እንደነበር ጻፉ። ባንኮቹ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ሲወረሱ ያም አብሮ ቀረ። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ነው። ከዚያ የመልስ 5ን አነጋገር ገሠጹ። እውቀት ያለው ሰው ሲያስተምር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ብለው፣ ልጅቷን መርቀው ወጡ። መልስ 5 ይቅርታ ጠይቋል።

መልስ 7

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። የጻፈው ልጅ አካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። አሁን ቂሊንጦ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። የምታወሩት ሁሉ ዘመድ ላለው ሰው ነው አለ። ባንክ ማስታወቂያ ያወጣል፣ አገር ይመዘገባል፣ ስሙ የሚወጣው ግን የታወቀ ሰው ልጅ ነው። መልስ 3ንም አንቺ ማን አስገባሽ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ የታክሲ ወጪውን ጻፈ። ለአንድ የቃል ፈተና ከዚህ ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ ለሥራ ፈላጊ ስንት እንደሆነ የምታውቁት አይመስለኝም አለ።

መልስ 8

አንዲት እናት ናቸው፣ ልጁን ተቆጡት። የተቸገርክ መሆንህ ይገባኛል፣ ግን ገና ያልጀመረችን ልጅ ተስፋ አታስቆርጥ፣ የሰው ሴት ልጅንም ማን አስገባሽ ተብሎ አይጠየቅም አሉ። ልጁ ከሥር መለሰ፤ ሌላ ሰው ገባ፤ አስተዳዳሪው ጥቂት ጽሑፍ አጠፋ። መልስ 3 ራሷ ግን አልተቀየመችም። ዘመድ እንደሌላት፣ የጻፈው ነገር ግን ብዙ ቦታ እውነት እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፋ አለፈች። እኔ ልጁን አልፈርድበትም። ዘመድ የለህም ተብሎ መቅረት የደረሰበት ሰው ያውቀዋል፣ ይህን ሸፍኖ ለተማሪ ምክር መስጠት አይገባም።

መልስ 9

ይሄ የእኔ ነው፤ የሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ዘመድ የሌለው ልጅ ምን ይዞ ይግባ የሚለውን ነው የጻፍኩት፤ ክሩ ውስጥ ከልቤ የማምንበት ነገርም እሱ ነው።

የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ምስጢር አይደለም። ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ በስልክ ይወርዳል፣ ሰንጋ ተራ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ባንክ ምረጡ፣ የሦስት ዓመት ሪፖርት አውርዱ፣ ቁጥሮቹን በእጃችሁ ኤክሴል ውስጥ አስገቡ። ኮፒ አታድርጉ። ቁጥሩን እየጻፈ ያስገባ ሰው የትኛው መስመር ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከዚያ ጥያቄ ጠይቁ። ትርፉ የመጣው ከብድር ወለድ ነው ወይስ ከአገልግሎት ክፍያ? ከተቀማጩ ስንት እጁ ተበድሯል? የተበላሸ ብድሩ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?

አንድ ምሳሌ ሰጠሁ፤ ቁጥሩ ለማሳያ የፈጠርኩት ነው። ባንኩ አምና 600 ሚሊዮን ብር አተረፈ፣ 2 ሚሊዮን አክሲዮን ነበረው። በአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርሳል። ዘንድሮ 750 ሚሊዮን አተረፈ፣ አክሲዮኑ ግን 3 ሚሊዮን ሆነ። በአንድ አክሲዮን 250 ብር ነው። ዜናው ላይ ትርፉ በ25 በመቶ አደገ ይባላል፤ ባለ አክሲዮኑ እጅ የሚደርሰው ግን ቀንሷል። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ስላዘዘ አዲስ አክሲዮን የሸጠ ባንክ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ስሌት ከባድ ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ካለበት የውጭ ምንዛሪ ዕዳ በላይ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበረው ባንክ ዶላሩ በብር ሲመነዘር ትርፍ ያሳያል። ያ ትርፍ በየዓመቱ አይደገምም። ይህን ለይቶ በአንድ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ለቃል ፈተና ሲቀርብ ያንን ገጽ ይዞ ይቅረብ። ዘመድ የሚገባበትን በር አይዘጋም፣ አውቃለሁ። ሥራ የሚሠራለት ሰው የሚፈልግ ኃላፊ ዘንድ ሲደርስ ግን ያ ወረቀት ይናገርለታል። ከከተማው ጫፍ ሆኖ፣ ቤት ተቀምጦ ሊዘጋጅ የሚችለውም እሱ ነው።

መልስ 10

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጥሩ መልስ ያገኘነው ከአንድ ኦዲተር ነው። አካውንቲንግና ፋይናንስ ምረጪ አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ የማያውቅ ሰው ቁጥሩን መጠየቅ አይችልም አለ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የአገራችን ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲገቡ ከተደረገ ወዲህ፣ ሪፖርቱ ውስጥ ግምትና የአመራር ውሳኔ በዝቷል። ያንን ለመረዳት አካውንቲንግ ይቀድማል። ኢኮኖሚክሱን በምርጫ ኮርስ ጨምሪበት፣ ስታቲስቲክስ ደግሞ በጭራሽ እንዳታቃልዪ ብሎ መከራት። አንድ ልጅ ከሥሩ የባንክ ሂሳብም ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው ብሎ ሲጽፍም አረመው። ሰኔ 30 የመንግሥት በጀት ዓመት ነው፣ ባንኮች የሚዘጉት ሰኔ 23 ነው። የባንክን ዓመት ከመንግሥት በጀት ዓመት ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን ሊያስተውል ይገባል።

መልስ 11 እና 12

ስለ ሲኤፍኤ ነው፤ ለፋይናንስ ተንታኞች በፈተና የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የሙያ ማዕረግ ነው። መልስ 11 እሱን ካልያዝሽ አናሊስት ማንም አይልሽም፣ እስክትመረቂ ደግሞ መመዝገብ አትችዪም አለ። መልስ 12 ፈተናውን ራሷ እያጠናች ያለች ናት፤ በትሕትና አስተካከለችው። ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ 180 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ከመመረቅ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ገደማ መቀመጥ ይቻላል። ፓስፖርት ያስፈልጋል። ማዕረጉን ለማግኘት ከፈተናው ሌላ ቢያንስ በ36 ወር ውስጥ የተሠራ 4,000 ሰዓት ተገቢ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ለእኛ ከብዷል፣ ግን ክፍያ የሚቀንስ ስኮላርሺፕ አለ፣ ማመልከት ነው። እሷም የምታጠናው ከሥራ ስትመለስ ሃይገር ውስጥ ነው፤ ወንበር ካገኘች።

መልስ 13

ይህቺ ወንበር የምትለዋ ቃል ክሩን ወሰደችው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ያለው ሰልፍ፣ ሳሪስ ላይ ያለው መጨናነቅ፣ አውቶቡሱ ለምን እንደቀነሰ፣ ውሃ በየትኛው ብሎክ እንደጠፋ ሁሉ ተጻፈ። ከዚህ ውስጥ ለጠያቂዋ የሚሆን አንድ ነገር አገኘሁ። አንድ አባት ልጃቸው ልምምድ ያገኘው መሃል ከተማ ሳይሆን ገላን አካባቢ ካለ ፋብሪካ የፋይናንስ ክፍል ነው አሉ። ደብዳቤውን ይዞ በእግሩ እየዞረ ነው የጠየቀው። የወጪ ስሌት፣ የዕቃ ክምችት፣ የደመወዝ ሂሳብ አይቷል። የፋብሪካ ቀጣና እያለን ሁሉ ሰው ባንክ በር ላይ ለምን ይሰለፋል ብለው ጠየቁ። በጣም ትክክል ናቸው። ብሎኬት አምራቹን ልትመረምር የምትችለው ብሎኬት እንዴት እንደሚመረት ያየች ልጅ ናት።

መልስ 14

አንዱ የግል ኮሌጅ ይሻላል፣ ቅርብ ነው የሚል ሐሳብ ጣለ። ሌላው ወዲያው መለሰለት። ማንኛውም ኮሌጅ ከመመዝገብ በፊት የሚማሩት ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራ፤ የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ጠያቂዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለች ጉዳዩ አይመለከታትም፤ ለሌሎች ግን ይጠቅማል።

መልስ 15

የመልስ 7 ልጅ ተመለሰ። በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። የወጋገንን ሪፖርት አውርዶ ጀምሯል፣ ሁለት ዓመት አስገብቷል፣ ሦስተኛው ላይ የአንዳንድ መስመሮች አጠራር ስለተለወጠ ተቸግሯል። ኦዲተሩ ከሥር መለሰለት። የአዲሱ ዓመት ሪፖርት ያለፈውን ዓመት ቁጥር ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ፣ አመዳደቡ ከተለወጠ አዲሱን ይውሰድ፣ ምክንያቱን ደግሞ ከማብራሪያው ገጽ ይፈልግ። ልጁ ለመልስ 3ም ይቅርታ ጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ተፈቅዶልን አብረን ልንሠራ ተስማምተናል፤ ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይመጣል።

መልስ 16

ጠያቂዋ ወሰነች። አካውንቲንግና ፋይናንስን አንደኛ፣ ኢኮኖሚክስን ሁለተኛ አድርጋ ልትሞላ ነው። አባቷም ክሩን አንብበዋል። ከዚያ መልስ 3ን ጠየቀቻት። ቅዳሜ ስትመጪ የእውነተኛ ተበዳሪ ፋይል፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ልታሳዪን ትችያለሽ ወይ?

መልስ 17

አይሆንም ነው መልሱ። የደንበኛ ሰነድ ስሙ ቢሸፈንም ከባንኩ አይወጣም፣ በዚህ ሥራ ላይ መቼም ቢሆን ይህን ያደረገ ሰው ካያችሁ እንዳታምኑት አለች። የብሎኬት አምራቹንም ታሪክ ሰውየው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይራ እንደጻፈችው ተናገረች። በምትኩ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። በዓመታዊ ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ብድሮች በሦስት ደረጃ ተከፍለው የቀረቡበትን ሠንጠረዥ ፈልጉ። አንደኛው ደረጃ ደህና ያለው ነው። ሁለተኛው ሥጋቱ ከተሰጠበት ቀን ይልቅ በጣም የጨመረው ነው። ሦስተኛው የተበላሸው ነው። ሁሉም ሰው ሦስተኛውን ያያል፤ እናንተ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ስንት ብር እንደተሻገረ ተመልከቱ፣ ለዚያ የተያዘውን መጠባበቂያም ከጎኑ ጻፉ። ቅዳሜ የምንጀምረው ከዚያ ነው።